ችሎታ፣ አቅምና ብቃት፤ የአንድ ቃል ፍቺዎች በፓዌ ታሪክ ሲመረመሩ

በትምህርት ዕቅዶች፣ በሥርዓተ ትምህርት መምሪያዎችና በምዘና ቅጾች ውስጥ «ችሎታ» የሚለውን ቃል ያህል የሚደጋገም ጥቂት ነው። ሆኖም ቃሉ አንድ ጊዜ «አቅም»፣ ሌላ ጊዜ «ብቃት» በሚለው እየተተካ ስለሚጻፍ የሚለካው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆኗል። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ «ችሎታ የለውም» ተብሎ ሲመዘገብ፣ የጎደለው የልጁ ተሰጥኦ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ወይስ የሚማርበት ቋንቋ መሆኑ ካልተለየ፣ ፍርዱ የሚወድቀው በልጁ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን ልዩ ልዩ ፍቺዎች መርምሮ፣ በመተከል የሚገኘውን የፓዌን ሰፈራ ታሪክ መፈተኛ በማድረግ፣ ለትምህርት ሥራ የሚበጀውን ፍቺ ማመልከት ነው።

1. የቃሉ መሠረት

«ቻለ» የሚለው ግሥ ከግዕዙ «ክህለ» ጋር አንድ ሥር አለው። በአማርኛ ግን ሁለት ፍቺዎችን አጣምሮ ይዟል። አንደኛው ማድረግ መቻል ነው፤ ሁለተኛው መታገሥ ነው። «ቻይ» የሚባለው ብዙ የሚሠራው ሳይሆን ብዙ የሚሸከመው ሰው ነው። «አቅም» በአንጻሩ ጉልበትንና ሀብትን ያመለክታል፤ «አቅመ ደካማ» እንደሚባለው። «ብቃት» ደግሞ ከተወሰነ መለኪያ አንጻር በቅቶ መገኘት ነው። ሦስቱ ቃላት ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

2. ቃሉ በልዩ ልዩ ሙያዎች

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «ችሎታ»ን ሕጋዊ ተግባራትን ለመፈጸም መብቃት በሚል ፍቺ ይጠቀምበታል። በዚህ ሕግ ማንኛውም ሰው ችሎታ የለውም ተብሎ በሕግ ካልተወሰነ በቀር ችሎታ እንዳለው ይገመታል፤ የማስረዳት ሸክሙም የሚያርፈው ችሎታ የለውም በሚለው ወገን ላይ ነው። በትምህርት ቤት ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ችሎታ እንዳለው ማስረዳት የሚገባው ሕፃኑ ነው።

የአፈር ባለሙያዎች መሬትን በችሎታው ይመድባሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የታተመው መመሪያ መሬትን በ8 ምድቦች ይከፍላል፤ መለኪያዎቹም እንደ ተዳፋት፣ የአፈር ጥልቀትና የውኃ መተኛት ያሉ እንቅፋቶች ናቸው። እንግዲህ በዚህ ሙያ ችሎታ የሚታወቀው የሚያግደውን ነገር በመዘርዘር ነው። በኃይል ምህንድስና ደግሞ በጉባ የተገነባውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው ይባላል። ይህ አኀዝ ተርባይኖቹ ሊሰጡ የሚችሉት ከፍተኛው ልክ ነው፤ በየዕለቱ የሚገኘው ኃይል የውኃውን መጠንና የመስመሩን ሁኔታ ይከተላል።

በሥነ ልሳን፣ ኖም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1965 የተናጋሪውን የውስጥ የቋንቋ እውቀት በንግግር ከሚታየው ክንውን ለዩ። ዴል ሃይምስ ደግሞ ከማን ጋር፣ የትና መቼ መናገር እንደሚገባ ማወቅም የችሎታ ክፍል ነው ሲሉ ተቹአቸው። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት፣ በክፍል ውስጥ ዝም ያለ ተማሪ ቋንቋ የሌለው ተማሪ አለመሆኑ ነው።

3. የአማርትያ ሴን ፍቺ

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1979 በሰጡት ንግግር እኩልነት የሚለካው በሀብት ወይም በእርካታ ሳይሆን ሰው በእርግጥ ሊያደርገውና ሊሆነው በሚችለው ነገር እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ሴን የሚሰጡት ምሳሌ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው፤ የሚጾምና የሚራብ ሰው ሁለቱም አልበሉም፤ ጿሚው ግን መብላት ሲችል ትቶታል። ልዩነቱ ምርጫ ነው። ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድኅነትና ረሃብ በሚናገር መጽሐፍ የ1965–66 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ መርምረዋል፤ የአገሪቱ ምርት ያን ያህል ሳይቀንስ የወሎ ገበሬ እህል የማግኘት መብቱንና የመግዛት አቅሙን በማጣቱ እንደተራበ አስረድተዋል።

4. የፓዌ ፈተና

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከወሎ፣ ሌሎችም ከከምባታና ከሐዲያ፣ በመተከል በበለስ ሸለቆ ሰፈሩ። በኢጣሊያ መንግሥት ርዳታ በተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተር፣ ሆስፒታል፣ መንገድና ትምህርት ቤት ቀረቡ። በአቅም ፍቺ ብቻ ለሚመዝን ሰው ይህ ትልቅ ስኬት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች የመጡት በራሳቸው ምርጫ አልነበረም። ፕሮጀክቱ ሲቋረጥና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ትራክተሩ ቆመ፤ አያሌ ሰፋሪዎችም ወደ ቀድሞ አገራቸው ተመለሱ። የቀሩት በሬ ጠምደው ለማረስ ሲሞክሩ ቆላው ገንዲ የሚያዛምት ዝንብ የበዛበት በመሆኑ ከብቶቻቸው አለቁባቸው። ደጋ ላይ በሬ ያለው ሰው ማረስ ይችላል፤ በለስ ላይ በሬ ያለው ሰው ግን ይችላል ማለት አይደለም። አቅም ወደ ችሎታ የሚለወጠው በቦታው ሁኔታ ነው።

ሌላው ወገን የጉሙዝ ሕዝብ ነው። ለዕቅድ አውጪዎች ሸለቆው ያልታረሰ ባዶ መሬት መስሎ ታያቸው። ለጉሙዝ ግን በየተራ የሚታረስና የሚያርፍ፣ የሚታደንበት፣ ማርና ዓሣ የሚገኝበት ነበር። ወልደ ሥላሴ አቡቴ በጉሙዝና በሰፋሪዎች ኑሮ ላይ ያደረጉት ጥናት ሰፈራው የነባሩን ሕዝብ መተዳደሪያ እንዴት እንዳጠበበ ያሳያል። የመሬቱ ችሎታ ሲለካ የሰዎቹ ችሎታ ከሒሳብ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

5. ትችትና አስተያየት

የሴን ፍቺ ግን ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። መምህር ምርጫን በፈተና ወረቀት ላይ ሊያርም አይችልም። ሕፃን ዛሬ ሁሉን እንዲመርጥ ቢተው ነገ የሚመርጠውን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለልጅ የሚታሰበው ካደገ በኋላ የሚኖረው ምርጫ ነው። በተጨማሪም ፍቺው ይበልጥ በነጠላ ሰው ላይ ያተኩራል። በወንፈልና በደቦ የሚታረስ ማሳ የሚያሳየው ችሎታ ግን የብዙ ሰዎች የጋራ ችሎታ ነው።

ይህም ሆኖ ፍቺው ለዕቅድ አውጪው የሚሰጠው ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። ትምህርት ቤት መሠራቱና መጽሐፍ መታደሉ «አቅም» ይባል። ተማሪው በተወሰነ መለኪያ ማለፉ «ብቃት» ይባል። «ችሎታ» ግን አንዲት የጉሙዝ ወይም የሰፋሪ ልጅ ያንን ትምህርት በምትረዳው ቋንቋ ተከታትላ፣ ወባውንና የመንገዱን ርቀት አልፋ፣ ከፈለገች መቀጠል መቻሏ ነው። በክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች በመጀመሪያ ደረጃ መማሪያነት እንዲገቡ መደረጉ የሚመዘነውም በዚሁ ነው።

በመሆኑም በምዘና ቅጽ ላይ «ችሎታ የለውም» ብሎ ከመጻፍ በፊት እንደ አፈር ባለሙያው እንቅፋቶቹን መዘርዘር፣ እንደ ሕጉም የማስረዳቱን ሸክም በመዛኙ ላይ ማድረግ ይገባል። አለዚያ የመቻልን ፍቺ ለሪፖርት አስቀርተን፣ ለተማሪው የምንተውለት ሁለተኛውን ፍቺ፣ መታገሥን ብቻ ይሆናል።