የሬድ ስቲቨንስ ኑዛዜ

ኑዛዜ የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይዟል፤ ንብረት ማከፋፈልንና ጥፋትን መናዘዝን። «ዘ አልቲሜት ጊፍት» የተሰኘውን የአሜሪካ ፊልም ባየሁ ቁጥር ይህ ቃል ትዝ ይለኛል። ፊልሙ የተሠራው ዓይነ ስውሩ ጂም ስቶቫል ከጻፈው ልብ ወለድ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ቱጃሩ ሬድ ስቲቨንስ ከሞተ በኋላ ለልጅ ልጁ ለጄሰን የሚደርሰው ገንዘብ ሳይሆን በቪዲዮ የተቀዳ የአያቱ ድምፅና ምስል ነው። ሽማግሌው በሀብቱ የገዛ ልጆቹን እንዳበላሸ ያምናል። ስለዚህ 12 ስጦታዎች አዘጋጅቷል፤ ሁሉም በድካም የሚገኙ ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሞልቶ ተርፎት ያደገው ጄሰን ቴክሳስ ሄዶ ጉድጓድ እየቆፈረ የአጥር ቋሚ ይተክላል። ጄምስ ጋርነር ሬድን ሆኖ ሲናገር ቁጣና ጸጸት በአንድ ፊት ላይ ይታያሉ፤ እኔ ለዚያ ፊት ስል ብቻ ፊልሙን ደግሜ አየዋለሁ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የጓደኛው ፈተና ነው። ጄሰን ገንዘቡን ሲያጣ አብረውት ሲዝናኑ የነበሩት ሁሉ ይሸሹታል፤ እውነተኛ ጓደኛ አምጥቶ ማሳየት ደግሞ ግዴታው ነው። ጓደኛዬ ነው ብላ የምትቆምለት መናፈሻ ውስጥ ያገኛት ኤሚሊ ናት፤ አቢጌል ብሬስሊን የተጫወተቻት፣ ሉኪሚያ የያዛት፣ አንደበቷ የማይፈራ ትንሽ ልጅ።