ብርቅ ስም ሲፈለግ ሳውንዴክስ የት ላይ ይስታል? የስኮትላንድ መዝገቦች ጉዳይ

ከስኮትላንድ የፈለሱ ሰዎች ዘሮች ዛሬ በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በአሜሪካ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ቅድመ አያቶቻቸውን በኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ለጀማሪዎች ደጋግሞ የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፦ የምትፈልገው ሰው ስሙ ብርቅ ከሆነ ዕድለኛ ነህ፣ ጆን ስሚዝን ከመፈለግ ይቀልሃል ይባላል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። የተረሳው ግማሽ ግን ሰው ያስጠፋል። እናት ከልጆቿ ተነጥላ ትቀራለች፣ በቦታዋ የማትዛመድ ሴት ትገባለች፣ ከዚያ ያ የተሳሳተ የዘር ሐረግ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይባዛል።

እውነት ከሆነው ግማሽ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ክሎድ ሻነን በ1948 ባወጣው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ነገር ሲያጋጥም የሚሰጠን መረጃ ይበዛል። ከ8 ሰው አንዱ የሚጠራበት ስም 3 ቢት መረጃ ይሰጣል፤ ከ1024 ሰው አንዱ ብቻ የሚጠራበት ደግሞ 10 ቢት። ስለዚህ አንድ ብርቅ ስም ሁለት መዝገብ ላይ እኩል ከተገኘ፣ «አጋጣሚ ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። እስከዚህ ልክ ነው።

ግን ስሙን የጻፈው ማነው? በስኮትላንድ የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1855 ነው። ከዚያ በፊት ልደትና ጋብቻ የሚጻፈው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት ጥንታዊው የኤሮል አጥቢያ ሲሆን ከ1553 ይጀምራል። በሁለቱም ዘመን ብዕሩን የሚይዘው ባለስሙ አይደለም፣ የሰማውን የሚጽፍ ሌላ ሰው ነው። ያ ጸሐፊ ስሚዝን መቶ ጊዜ ጽፎታል። ብርቁን ስም ግን ምናልባት ያን ቀን ገና መስማቱ ነው። ታዲያ የትኛውን ይስታል?

መዝገብን ከመዝገብ በሒሳብ ማዛመድ የራሱ ዘርፍ ያለው ሥራ ነው። ፈለጊና ሰንተር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1969 ያወጡት ሞዴል ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ሁለቱ መዝገቦች የአንድ ሰው ከሆኑ ስሙ እኩል የመጻፍ ዕድሉ ስንት ነው? የተለያዩ ሰዎች ከሆኑስ በአጋጣሚ የመገጣጠም ዕድሉ ስንት ነው? ምክር ሰጪዎቹ የሚያስቡት ሁለተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ለማየት ቁጥር እንፍጠር። የተለመደ ስም ከ100 ጊዜ 95ቱን፣ ብርቅ ስም 60ውን ብቻ እኩል ይጻፋል እንበል። የተለመደው ስም ሳይገጥም ሲቀር «አንድ ሰው ናቸው» የሚለው ግምታችን ወደ 20 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ብርቁ ሳይገጥም ሲቀር ግን የሚወርደው 2 ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ማለትም ብርቅ ስም ሲገጥም ብዙ ይናገራል፣ ሳይገጥም ሲቀር ግን ብዙም አይናገርም። ስሙ ስላልገጠመ ብቻ ሰውየውን የሚጥል ፈላጊ ሒሳቡን ገልብጦታል።

«ለዚህማ ሳውንዴክስ አለ» የሚል አይጠፋም። የስኮትላንድ መንግሥት መዛግብት ድረ ገጽ፣ ስኮትላንድስፒፕል፣ ከሚያቀርባቸው የፍለጋ መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ራስል በ1918 የባለቤትነት መብት አወጣበት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ያዝ፣ አናባቢዎቹን ጣል፣ ድምፃቸው የሚቀራረቡ ተነባቢዎችን አንድ ቁጥር ስጥ፣ ሦስት ቁጥር ሲሞላ አቁም። ለወረቀት ካርድ ዘመን ድንቅ ሐሳብ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ኃይሉን በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ ብትጽፉት ያው ኃይሉ ነው። ሳውንዴክስ ያደረገው ይህንን እምነት ወደ ኮድ መለወጥ ነው።

ስኮትላንድ ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። ዋይት የሚለውን ስም የድሮ ስኮትስ ጸሐፊዎች «ደብልዩ» በመጀመር ፋንታ በ«ኪው» ይጀምሩት ነበር። ኮዱ አንዱን «ደብልዩ 300»፣ ሌላውን «ኪው 300» ይለዋል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ የመጀመሪያው ፊደል ግን ስለማይነካ ሁለቱ አይገናኙም። ዮግ የሚባል ፊደልም ነበር፤ ማተሚያ ቤቶች የሱ ቅርጽ ያለው እርሳስ ስላልነበራቸው በምትኩ «ዜድ»ን አስገቡ። ዲ-ኤል ተብሎ የሚጠራ ስም እስከ ዛሬ መሀሉ ላይ በማይነበብ «ዜድ» የሚጻፈው ለዚህ ነው። ይኸው ስም በ«ዋይ» የሚጻፍበትም መንገድ አለ። በ«ዜድ» ሲጻፍ «ዲ 424»፣ በ«ዋይ» ሲጻፍ «ዲ 440» ይሆናል። ሚንጊስ ተብሎ የሚጠራውና በ«ዜድ» የሚጻፈው ስም ግን፣ ለፍርድ ያህል፣ በሁለቱም አጻጻፍ «ኤም 522» ነው። «ጂ»ና «ዜድ» አንድ ቡድን ውስጥ ስለገቡ በዕድል ተረፈ እንጂ ሳውንዴክስ ስለ ዮግ ምንም አያውቅም።

ማክ የሚል ቅጥያ ያላቸው ስሞች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ። «ማክ» በጌሊክ ልጅ ማለት ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱን ይኼ ቅጥያ ብቻውን ይበላዋል። ማክኬንዚና ማክኢነስ ፍጹም የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ናቸው፤ አንዱ ከኮይኒች፣ ሌላው ከኤንገስ የመጣ። ሳውንዴክስ ሁለቱንም «ኤም 252» ይላቸዋል። አንዱን ቤተሰብ ለሁለት ይከፍላል፣ ሁለት ቤተሰብ ያጋባል። መሣሪያ እንዲህ ሲሆን ይጣል አልልም፣ ግን ገደቡ አጠገቡ ሊጻፍ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያ ስም ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ልዩነቱ ከድምፅ ጋር አይገናኝም። በደጋማው ስኮትላንድና በደሴቶቹ ሰዎች ጌሊክ ይናገሩ ነበር፤ መዝገቡ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የጌሊክ ስም «አቻ» ተፈለገለት። ቶርሞድ ኖርማን ሆነ። ቤሀግ ርብቃ ሆነች። ኦይሪግ የተባለችው ሴት ኤፊ፣ ዩፊሚያ፣ ሄንሪየታ፣ አልፎ አልፎም አፍሪካ ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች። (አፍሪካ ስትባል ከአህጉሩ ጋር ምንም አያገናኛትም፤ አንድ የቆየ የጌሊክ ስም ነው እንዲህ የተቀረጸው።) አንዲት ሴት ስትጠመቅ ኤፊ፣ ስታገባ ዩፊሚያ፣ በሕዝብ ቆጠራ ሄንሪየታ ብትሆን የትኛው የድምፅ ኮድ ያገኛታል? ይህን የሚፈታው ስሞቹን የሚያውቅ ሰው የሠራው ዝርዝር ብቻ ነው።

ስም በሕግ የጠፋበትም ጊዜ አለ። የማክግሬገር ጎሣ ስም በ1603 ታገደ፤ እገዳው ተነሥቶ፣ እንደገና ወጥቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 ነው። ታዋቂው ሮብ ሮይ ራሱ በእናቱ ወገን ስም ካምቤል ይባል ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ደግሞ ግማሽ መንደሩ አንድ የቤተሰብ ስም ስለሚጋራ ሰዎች ቅጽል ስም ይጨመርላቸው ነበር፣ ቅጽሉም መዝገብ ላይ ይገኛል። በሼትላንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የአባት ስም እንደኛው በየትውልዱ ይቀየር ነበር።

ብርቅ ስም ሲሠራም ሲያሳስትም የሚታይባት አንዲት ሳይንቲስት አለች። ዊሊያሚና ፍሌሚንግ በ1857 ደንዲ ተወለደች፤ በኋላ በሃርቫርድ የከዋክብት ጥናት ማዕከል ስትሠራ በ1888 የፈረስ ራስ ኔቡላን ያገኘችው እሷ ናት። ዊሊያሚና ከዊሊያም የተሠራ ስም ነው፤ ስኮትላንዶች ለሴት ልጅ ጄምሲና፣ ሂዩጊና እያሉ የወንድ ስም ማውረስ ይወዳሉ። እንዲህ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ከአያት ወይም ከአጎት የሚመጣ ስለሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው። ፍሌሚንግ ግን የባሏ ስም ነው፤ የትውልድ መዝገቧ ያለው ስቲቨንስ በሚለው ሥር ነው። ልጇን ኤድዋርድ ቻርልስ ፒከሪንግ ፍሌሚንግ ብላ ሰየመችው። የስኮትላንድ ልማድ የሚያውቅ ሰው የመሀል ስም የእናት ወገን ስም ይሆናል ብሎ ፒከሪንግ የሚባሉ ዘመዶች ሊፈልግ ይችላል። ፒከሪንግ ግን አለቃዋ፣ የማዕከሉ ኃላፊ ነበር።

ታዲያ በስም ብቻ ካልሆነ በምን? በአጠገቡ ባሉ ሰዎች። የክርስትና ምስክሮችን ስም ተመልከቱ፣ የእናትየዋን የትውልድ ስም ተከተሉ (ስኮትላንድ ውስጥ ሴት ብታገባም መዝገቡ የራሷን ስም ይይዛል)፣ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት የሚሰየምበትን ልማድ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ዕድል ቁጠሩት። አንድ ደግሞ አለ። በ1855 የምዝገባው የመጀመሪያ ዓመት የልደት ቅጹ የወላጆችን ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበትን ቀንና ቦታ፣ ከዚያ በፊት የወለዷቸውን ልጆች ጭምር ይጠይቅ ነበር። ለመዝጋቢዎቹ በዝቶባቸው በ1856 ተቀነሰ። ስለዚህ ከቤተሰቡ ልጆች አንዱ በ1855 የተወለደ ከሆነ፣ የምትፈልጉት እሱን ባይሆንም፣ መጀመሪያ የእሱን ወረቀት አውጡ።