ሁለት ጌታ ያለው ከዘራ

ምርኩዝ ለደከመ መንገደኛ ሦስተኛ እግሩ ነው። እግር የሆነው ነገር “ዐይንም ልሁን” ሲል ግን ምን ፍርድ ይሰጠዋል? ይህን ጥያቄ ያነሣብን የአንድ ወዳጃችን ከዘራ ነው።

አንድ ቀን አራት ሆነን ከጅጅጋ ወደ ዳካታ ሸለቆ ሄድን። ሸለቆው ባቢሌን ከጅጅጋ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጭኖ፥ ሊወድቅ ሲል የቆመ የሚመስልበት ስፍራ ነው። ከመኪና ወርደን በእግር ስንጀምር፥ ወዳጃችን የከዘራውን እጀታ አስበስቶ ካሜራ የሚሸከም ብሎን እንዳስተከለበት አየን።

“ከዘራህ ቀንድ አወጣ እንዴ?” አሉ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ።

“ቀንድ አይደለም ጋሼ፤ የካሜራ መቀመጫ ነው። እጄ ሲንቀጠቀጥ ሥዕሉ ይደበዝዝብኛል።”

“እንግዲያው እጅህን አሳክም እንጂ ከዘራውን ለምን ትበሳዋለህ? በትር አንድ ሥራ ይበቃዋል!”

ሦስተኛው ወዳጃችን ወደ ድንጋዮቹ እያመለከተ፥ “እነዚህን እያቸው፤ ያለ ብሎን ስንት ዘመን ቆመዋል!” አለ።

“እነርሱ ፎቶግራፍ ይነሣሉ እንጂ አያነሡም” ብሎ ቢመልስለት ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ክርክሩን በሚዛን ማየት ይገባል። ካሜራ ድጋፍ መሻቱ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን በሐረር ራሱን ፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ የዚያ ዘመን ካሜራ በእግር ላይ የሚቆም ነበር። ባለ አንድ እግር ድጋፍም ካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይዋልል ይረዳል፤ ወደ ጎን መወዛወዙን ግን አያስቀርም። ስለዚህ ብርሃን ሲደክም ከሦስት እግር ጋር አይተካከልም።

ጋሼም “አንድ ሥራ ይበቃዋል” ማለታቸው ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። የሶማሌ እረኛ ሀንጎል የሚለው በትር በአንድ ጫፉ ባላ፥ በሌላው ቆልማማ ነው። በአንዱ የእሾህ ቅርንጫፍ ይገፋል፥ በሌላው ይስባል፤ እንዲህ አድርጎ ለከብቱ አጥር ያጥራል። ሁለቱ ጫፎች ይረዳዳሉ እንጂ አይጣሉም።

የወዳጃችን ከዘራ ግን ከራሱ ጋር ተጣላ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ካሜራው እንዳይጋጭበት ፈርቶ ከዘራውን ከመሬት አነሣና እንደ ሕፃን አቀፈው። ጠጠሩ አንሸራተተውና በጉልበቱ ወደቀ። ካሜራው ምንም አልሆነም፤ ጉልበቱ ግን ደማ። ጋሼ ሳይስቁ የራሳቸውን ምርኩዝ ሰጡትና እርሳቸው ትከሻዬን ይዘው፥ እያነከሱ ወረዱ።

እኔ ብሎኑን አልነቅፍም። የምነቅፈው ደጋፊው ተደጋፊ የሆነበትን ሰዓት አለማስተዋልን ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ካሜራህን በከዘራህ ላይ ማሰር ብትሻ እሰረው፤ ነገር ግን ቆመህ ሥዕልህን ካነሣህ በኋላ ፈትተህ ወደ ቦርሳህ መልሰው፥ ከዘራውንም ለመንገዱ ተወው። በሕይወትህም ለድጋፍ የያዝኸው ነገር፥ ዕውቀትም ይሁን ገንዘብ፥ እንዳይሰበርብኝ ብለህ የምታቅፈው የሆነ ዕለት፥ መውደቂያህ መቅረቡን ዕወቅ።