ወርቅ የሌለው ሰም፦ ስለ መሐንዲሶች ስላቅና ስለ ሙያ ቃሎቻችን

የሙያ ቃላት መበራከት የአንድ ቋንቋ ዕድገት ምልክት እንደሆነ በተደጋጋሚ ተነግሯል። ይሁን እንጂ ቃል መፈጠሩና በቃሉ መግባባት መቻሉ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሐንዲሶች በራሳቸው የሙያ ቋንቋ ላይ የሚሠሩትን ስላቅ እንደ መመርመሪያ በመውሰድ፣ በባሌ ደጋ በተለይም በሮቤና በጎባ አካባቢ ካለው የእርሻ ሥራ ጋር በማገናዘብ፣ የስያሜ ሥራችንን መተቸት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስላቅ በሰፊው የታወቀው ምሳሌ የተገኘው ከእንግሊዝ አገር ነው። ጆን ሄሊንስ ክዊክ የተባለ ተማሪ በ1944 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም የተማሪዎች መጽሔት ላይ «ተርቦ ኢንካቡሌተር» ስለሚባል መሣሪያ ጻፈ። መሣሪያው በዓለም ላይ የለም። ክፍሎቹም የሉም። ጽሑፉ ግን የመሐንዲስ ሪፖርት ቃና፣ የዐረፍተ ነገር አሠራርና ክብደት ሳይጎድለው የቀረበ ነው። «ታይም» መጽሔት በ1946 እ.ኤ.አ. ለሰፊው አንባቢ አቀረበው፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ስለዚሁ የሌለ መሣሪያ እንደ እውነተኛ የምርት መግለጫ የተዘጋጀ ገጽ አወጡ። ቀልዱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው፣ መሐንዲሱ ራሱ በየዕለቱ ከሚጽፈው ጽሑፍ ብዙም ስለማይርቅ ነው።

ጉዳዩን በእኛ የቅኔ ትምህርት ቋንቋ ብንገልጸው፣ በዚህ ስላቅ ውስጥ ሰሙ ሙሉ ነው፤ ወርቁ ግን የለም። ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። የጎደለው ቃሉ የሚያመለክተው ነገር ብቻ ነው። አንባቢ የሰዋስውን ትክክለኛነት እንደ ሐሳብ ትክክለኛነት አድርጎ የመቀበል ልማድ ስላለው ይታለላል።

በአማርኛም ተመሳሳይ ነገር መሥራት አያዳግትም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለምርመራ ያህል የሚከተለውን አዘጋጅቷል፦ «ኢ-ተሻጋሪ ምልልሳዊ ግፊት በሚከሠትበት ጊዜ የመስተፃምሩን ድኅረ-ንዝረት ቅንፍ ከዋናው የኅብር አስተላላፊ ጋር በማጣጣም ሥርዓተ ምጥነቱ በተዘዋዋሪ እንዲረጋጋ ይደረጋል።» ይህ ዐረፍተ ነገር ምንም ትርጉም የለውም። ሆኖም በአንድ መመሪያ መካከል ቢሰገሰግ ስንቱ አንባቢ ያልፈው እንደነበር መገመት ይቻላል። የተሠራበትም መንገድ ግልጽ ነው። «ኢ-»፣ «መስተ-»፣ «ድኅረ-»፣ «ሥርዓተ» እና «-አዊ» የተባሉት የግእዝ መሥሪያዎች ከማንኛውም ሥር ጋር ተጣብቀው የምሁር መልክ ያለው ቃል ያወጣሉ። ከዚህም በላይ በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ የሚመጣ በመሆኑ፣ አንባቢ ስሞቹን ሁሉ ተሸክሞ እስከ ዳር ይጓዛል። እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው «ይደረጋል» የሚል አድራጊው ያልታወቀ ግሥ ነው። ማን ያደርጋል? በምን ያደርጋል? መልስ የለም። እንግዲህ ጭጋጉ የሚመጣው ከስም ብቻ ሳይሆን ከግሡም ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሮቤ ከተማ ሳለ፣ ለስንዴ ማጨጃ መሣሪያ የተዘጋጀ አንድ የአማርኛ መመሪያ የማየት ዕድል አጋጥሞት ነበር። መመሪያው ከላይ ከቀረበው ስላቅ ብዙም አይለይም ነበር፤ ልዩነቱ አዘጋጆቹ አለመቀለዳቸው ነው። መሣሪያውን የሚጠግነው ባለሙያ መመሪያውን በአክብሮት ከመደርደሪያ አውርዶ ካሳየ በኋላ፣ እርሱ የሚሠራው የሞተሩን ድምፅ በማዳመጥ እንደሆነ ተናገረ። «የዘይቱ ግፊት ከቀነሰ ሞተሩን አጥፍተህ የዘይቱን መጠን ተመልከት» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ወደ ሥራ ቦታው በወረደ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። ከግእዝ ሥር የሚወጣ ቃል ትርጉሙ ከመልኩ ይታወቃል ይባላል። ለምሳሌ «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለው ስያሜ «ፀመረ» የሚለውን ግሥ ለሚያውቅ ሰው ብርሃን የሚያጣምረው ነገር እንዳለ ያመለክታል። ነገር ግን በሮቤና በጎባ የሚገኘው አንባቢ አፉን የፈታው በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው። ለእርሱ የግእዙ ሥር ከላቲኑ ሥር የተለየ ብርሃን አይሰጠውም። ቃሉን ሠሪው ያየው ግልጽነት ለራሱ ለሠሪው የተገለጠ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን የግእዝ ስያሜ ሁሉ ስላቅ ይገባዋል ማለት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የብዙ ዓመታት ጥረት ውጤት እንደመሆኑ ምስጋና ይገባዋል። «ብርሃን አስተፃምሮ» የተወሰነ ብያኔ ያለውና በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቃል ነው። «እፍግታ» የሚለውም እንዲሁ፤ ክብደትና መጠን በአንድነት የሚገለጹበት ሌላ አጭር ቃል በዕለታዊው ንግግር ውስጥ ስለማይገኝ መሠራቱ ተገቢ ነበር። የሚነቀፈው ብያኔና አስተማሪ ሳይኖረው ገበሬ ወይም መካኒክ እጅ ላይ የሚወድቀው ቃል ነው።

በሌላ ወገን ሕዝቡ ራሱ ያስቀመጠው ቃል ምን ያህል እንደሚሠራ «ዋግ» ይመሰክራል። በ2003 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ «ዲገሉ» የተባለውን ዝርያ በባሌና በሌሎች ስንዴ አምራች አካባቢዎች ክፉኛ አጥቅተዋል። በእንዲህ ዓይነት ወቅት ገበሬው ፀረ ፈንገስ ለመርጨት ያለው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። «ቢጫ ዋግ» እና «የግንድ ዋግ» የሚሉት ስያሜዎች በሽታውን፣ መልኩን ወይም የሚያርፍበትን የተክል ክፍል በሁለት ቃል ይናገራሉ። በዚህ ፈንታ የፈንገሱን የዘር ብናኝ ሥርጭት በረጅም የምሁር ሐረግ የሚተነትን ማስጠንቀቂያ ቢላክ፣ ጽሑፉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማሳው ግን ይጠፋል።

የሕዝብ ቃል ሁሉ ያለ ምርመራ ይወሰድ ማለትም አይደለም። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት የምርት ወቅቶች አሉ፤ ስማቸውም በአካባቢው አጠራር «ገና» እና «ቦና» ነው። የመጀመሪያው በመጋቢት ገደማ ተጀምሮ እስከ ሐምሌ የሚዘልቀው፣ በአማርኛ በልግ የምንለው ነው። ሁለተኛው ከነሐሴ ገደማ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። በአፋን ኦሮሞ «ቦና» በጋን፣ «ገና» ክረምትን ስለሚያመለክት፣ የቸኮለ ተርጓሚ የቦናን ስንዴ «የበጋ ስንዴ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስሕተቱ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ወቅቶቹ በባሌ የተሰየሙት እህሉ በሚዘራበት ሳይሆን በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው፤ በተጨማሪም «የበጋ ስንዴ» ዛሬ በመስኖ ለሚለማው ስንዴ የሚነገር ስያሜ ሆኗል። ትክክለኛው አቻ «መኸር» ነው። «መኸር» ራሱ የአዝመራ መሰብሰቢያ ማለት በመሆኑ ሁለቱ ቋንቋዎች በአሰያየም ዘዴ ይገናኛሉ። «ገና» ሲጻፍ ደግሞ ከልደት በዓል ስም ጋር ስለሚመሳሰል ማብራሪያ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ቀላል መስሎ የሚታይ ቃልም ሊያሳስት ይችላል።

ከውጭ የገባን ቃል በተመለከተም ፍርዱ ከዚህ አይለይም። በባሌ ስንዴ የሚያጭደውንና የሚወቃውን መሣሪያ ሁሉም «ኮምባይነር» ይለዋል። ይህን ቃል ነቅሎ በሦስትና በአራት ቃል ሐረግ መተካት ትርፉ ድካም ነው። በአንጻሩ «ማመንጫ» የሚለውን እንመልከት። በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ የሚገኘው፣ 153 ሜጋዋት አቅም ያለው የመልካ ዋከና ተቋም የኃይል ማመንጫ ይባላል። ቃሉ ከምንጭ ጋር ዝምድና ያለው ነው፤ ውኃ ከመሬት እንደሚመነጭ ኃይልም ከዚያ ይመነጫል። ማንም አልተሳለቀበትም፤ ሊሳለቅበትም አይቻለውም። ነገሩ በውስጡ ይታያልና።

ከዚህ በመነሣት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች አንድ ፈተና መጠቆም ይቻላል። አዲስ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በእውነተኛ የሥራ መመሪያ ውስጥ ይግባ፤ በዚያው መመሪያ ውስጥ አንድ ሆን ተብሎ የተሠራ ባዶ ዐረፍተ ነገርም ይጨመር። ከዚያም ጽሑፉ ለቃሉ ተጠቃሚ ይሰጥ፤ ይኸውም ለሮቤው መካኒክ፣ ለሲናናው ገበሬ፣ ለጎባው ሐኪም ቤት ሠራተኛ እንጂ ለስብሰባ ባልደረባ አይሁን። አንባቢው ባዶውን ዐረፍተ ነገር ከእውነተኛው ለይቶ ካወጣ ስያሜው አልፏል። ካልለየ ግን ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

ክዊክ በስላቁ የነገረን ይህንኑ ነው። የእርሱ አንባቢዎች መሐንዲሶች ስለነበሩ ስቀው አለፉ። የእኛ መመሪያ አንባቢ ግን መሣሪያው ቆሞበት ወይም ስንዴው ዋግ ይዞት ገጹን ሲገልጥ አይስቅም። ስላቁን በስብሰባችን ላይ እኛው በራሳችን ቃሎች ላይ ብንጀምረው፣ ለእርሱ የሚደርሰው መጽሐፍ ከመደርደሪያ የሚወርድ መጽሐፍ ይሆናል።