ተለቀቀ ማለት ተረፈ ማለት ነው?

እስቲ አንድ ዓሣ አጥማጅ አስቡ። ሥራው አይደለም፤ ቅዳሜ ጠዋት ለመዝናናት ነው የወጣው። ቦታው የአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። ሕጉ በቀን አንድ ስትራይፕድ ባስ ብቻ ይዘህ መሄድ ትችላለህ ይለዋል፤ እሱም ርዝመቱ ከ71 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ነው። ያጠረውንም የረዘመውንም ከመንጠቆ አላቆ ወደ ውሃው መመለስ አለበት። እንበልና ልኩን እስኪያገኝ 11 ዓሣ ለቀቀ፤ 12ኛውን ይዞ ቤቱ ገባ። ስንት ዓሣ ገደለ?

አንድ ካላችሁ በሕጉ ቋንቋ ትክክል ናችሁ። ተመራማሪዎች በስሌታቸው የሚጠቀሙበት ግምት ግን ከተለቀቁ 100 ዓሦች 9ኙ በኋላ ይሞታሉ የሚል ነው። 11ን በ0.09 አባዙት፤ 0.99 ይመጣል። አንዱ ዓሣ ከሰውየው ጋር ሄደ፣ አንዱ ደግሞ ማንም ሳያየው ውሃ ውስጥ ሞተ።

ስትራይፕድ ባስ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ያሉት ብርማ ዓሣ ነው። ኑሮው ባሕር ሆኖ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ ይገባል። ዋናው መፈልፈያው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚዋሰኑት ማለት ነው። እዚያ ሮክፊሽ ይሉታል።

ይህ ዓሣ አንዴ ሊጠፋ ደርሶ ተመልሷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። በ1984 የአሜሪካ ምክር ቤት ልዩ ሕግ አወጣ፤ ከ1985 እስከ 1990 ሜሪላንድ መያዙንም መሸጡንም ጨርሳ ከለከለች። በ1995 አገግሟል ተባለ። በዓሣ ጥበቃ ታሪክ እንዲህ ያለ ድል ብዙ አይገኝም፤ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ችግሩ፣ በ2019 የወጣው ግምገማ ዓሣው እንደገና ከሚገባው በላይ እየተጠመደ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ወዲህ የክፍለ ግዛቶቹ የጋራ ኮሚሽን ዋና መሣሪያ ያደረገው ሜትሩን ነው። በ2020 የሚፈቀደው ልክ ከ71 እስከ 89 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በ2022 ግን በ2015 የተፈለፈሉት በርካታ ዓሦች አድገው እዚያ ልክ ውስጥ ገቡ፤ የመዝናኛ አጥማጆች ይዘው የሄዱት ዓሣ ካለፈው ዓመት በእጥፍ ገደማ ጨመረ። በግንቦት 2023 ኮሚሽኑ ደንግጦ ጣሪያውን ወደ 79 አወረደው።

እኔ የተማርኩት የቁጥጥር ምህንድስና ነው። በእኛ ሙያ መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር «ይህን ማዞሪያ ሳዞር በትክክል የሚቀየረው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የርዝመት ገደብ የሚቀይረው ቤት የሚገባውን ዓሣ ነው። መንጠቆ የሚነክሰውን ዓሣ ቁጥር እምብዛም አይነካም። እንዲያውም ልኩ በጠበበ ቁጥር አጥማጁ ልከኛውን እስኪያገኝ ብዙ ይለቃል። እንቁላል ነጋዴ የሸጠውን ብቻ መዝግቦ የተሰበረውን ቢተው ሂሳቡ ይመጣለታል? ይህ ደግሞ ትንሽ ስብራት አይደለም፤ በአንዳንድ የቅርብ ዓመታት ዓሣ በማጥመድ ከጠፋው ስትራይፕድ ባስ ግማሽ ገደማው ተለቆ የሞተ ነው። ሳይንቲስቶቹ ይህን ይቆጥሩታል። የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ሪፖርቱ ላይ ተቀምጦ እያለ ደንቡ ወደ ሌላ ቦታ ያያል።

9 በመቶ ራሱ አማካይ ነው። መነሻው ማሳቹሴትስ ውስጥ በጨው ውሃ ተሠርቶ በ1996 የታተመ ጥናት ነው። የቼሳፒክ ሐምሌ ሌላ ነገር ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሲታገል ቆይቶ የዛለ ዓሣ ደግሞ ያኔ ነው ብዙ ኦክስጅን የሚፈልገው። በዚያ ላይ ለፎቶ ሁለት ደቂቃ አየር ላይ ያዙት! ሜሪላንድ በ2021 ከሐምሌ 16 እስከ 31 ማጥመዱን የዘጋችው በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ ከደንቦቹ ሁሉ ማዞሪያው ትክክለኛ ነገር ላይ የተገጠመለት ይኸኛው ነው፤ ሁለት ሳምንት ብቻ መሆኑ ግን ያንስ ነበር። በ2021 በተፈጥሮ ምግብ ለሚያጠምዱ ግዴታ የሆነው ክብ መንጠቆም እንዲሁ ጥሩ ነው፤ ዓሣው ሆዱ ድረስ ከመዋጥ ይልቅ ከንፈሩ ላይ ይያዛል።

ኮሚሽኑን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወቅት መዝጋት ሲባል የጀልባ ባለቤቶች እንጀራ ይነካል። አጥማጁም «እኔ የመጣሁት ለሌላ ዓሣ ነው» ካለ ማን ያስተባብለዋል? የርዝመት ጣሪያውም ቢሆን በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል የሚጥሉትን ትልልቅ ሴቶች ከቢላ ያድናል።

ደግሞ ምንም ደንብ ክረምቱን አያቀዘቅዝም። ጫጩቶቹ በብዛት የሚተርፉት ቀዝቃዛ ክረምትና ዝናባማ ጸደይ ሲከታተሉ ነው። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየበጋው መረብ ጥላ የዓመቱን ጫጩቶች ትቆጥራለች፤ የረጅም ጊዜው አማካይ በአንድ መረብ 11 ያህል ነው። በ2023 አንድ፣ በ2024 ሁለት ተገኘ። ስለዚህ አሁን ያሉት ዓሦች ጥሩ ጸደይ እስኪመጣ በሕይወት መቆየት አለባቸው። አቅሙ አላቸው፤ ስትራይፕድ ባስ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። የ2015ዎቹ አብዛኞቹ ዛሬ ከ79 ሴንቲ ሜትር አልፈዋል። ውቅያኖሱ ላይ በሕጉ መሠረት ማንም የመዝናኛ አጥማጅ ይዟቸው ቤት መግባት አይችልም። መንጠቆው ግን እነሱንም ይነክሳል፤ ከ100ው ዘጠኙ እነሱም ውስጥ አለ።