የአምቦ ዝናም በምን ይለካል? «ቺርፕስ» ስለ ተባለው የዝናም ሰነድ አጭር ሂስ

በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ጋር ተባብረው ያዘጋጁት «ቺርፕስ» የተባለው የዝናም ሰነድ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ከታተመ ወዲህ ስለ አገራችን የአየር ጠባይ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ ስሙ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ስለ ምዕራብ ሸዋ የሚጽፍ ተማሪም ሳይወድ በግድ ያገኘዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳተላይት የደመናውን ጫፍ ሙቀት ያያል፤ ጫፉ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ ሆኖ የቈየበት ጊዜ ወደ ዝናም መጠን ይለወጣል፤ ከዚያም በአቅራቢያው በምድር ላይ በተተከሉ መለኪያዎች ይታረማል። ውጤቱም ከ1981 ጀምሮ፣ ጐኑ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ለሆነ ለእያንዳንዱ ክፋይ መሬት ይሰጣል። ድርቅን ቀድሞ ለማየት ታስቦ የተሠራ ነውና ለዚያ ተግባሩ ምስጋና ይገባዋል። ነቀፌታዬ በእኛ አጠቃቀም ላይ ነው።

ተማሪው የሰነዱን አኃዝ ከአምቦ ጣቢያ አኃዝ ጋር ያስተያይና ሁለቱ ቢስማሙ «ሰነዱ ታማኝ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን የጣቢያው ልክ አስቀድሞ በሰነዱ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ ይህ ባለጉዳዩን ራሱን ምስክር አድርጎ መቁጠር ነው። አዘጋጆቹ የተጠቀሙባቸውን ጣቢያዎች ዝርዝር ስለሚያወጡ፣ ያን ሳይመለከቱ መፍረድ ሰበብ የለውም።

ሌላው ችግር የአገሩ አቀማመጥ ነው። ዶክተር ቱፋ ዲንቁ በጥናቶቻቸው እንዳመለከቱት፣ መለኪያዎቻችን የሚበዙት በዋና ዋና መንገዶች ዳር ባሉ ከተሞች ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከ30 ኪሎ ሜትር የማይርቀው የደንዲ ተራራ ግን ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ተራራ ላይ ተገፍቶ ከወጣ ዝቅተኛ ደመና የሚወርደው የደጋ ካፊያ ጫፉ ያን ያህል ሳይቀዘቅዝ ይዘንማልና ከሳተላይቱ ዐይን ያመልጣል። የሚያርመውም መለኪያ ታች ከከተማው ከሆነ ስሕተቱ ሳይነካ ይቀራል።

የዕለቱ አኃዝ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሰነዱ በመሠረቱ የተሠራው በየ5 ቀኑ ሲሆን፣ ወደ ዕለት የተከፋፈለው በሞዴል ስሌት ነው። ቀኑም በግሪንዊች ሰዓት ስለሚቈጠር በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ የጣቢያው ሠራተኛ ግን መለኪያውን የሚያነበው ጧት በ3 ሰዓት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የወረደው ዶፍ በመዝገቡ ላይ በትናንት ስም ነው ወይስ በዛሬ የተጻፈው? ይህን ሳይጠይቁ የዕለት ዝናምን ማስተያየት ሁለት የተለያዩ ቀኖችን ማስተያየት ነው።

እንዲህ ስል የምድሩ መለኪያ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ደንቡ መለኪያው በአጠገቡ ካለው ነገር ቁመት ቢያንስ በእጥፍ እንዲርቅ ያዛል፤ 15 ሜትር ከሆነ ባሕር ዛፍ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ባሕር ዛፍ በእኛ አገር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያድግ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ዛፉ በ10 ዓመት ውስጥ ዝናሙን እየከለለ ሲሄድ መዝገቡ ቀስ በቀስ የሚቀንስ ዝናም ያሳያል፤ ተማሪውም «የአየር ንብረት ተለወጠ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ የጣቢያው ታሪክ፣ ማለት መቼ እንደ ተዛወረ፣ ዙሪያው ምን እንደ ነበረ፣ ከአኃዙ እኩል ሊጠና ይገባል።

የራሳችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያዘጋጀው፣ ጐኑ 4 ኪሎ ሜትር በሆነ ክፋይ የተሠራ ሰነድም አለ። በዓለም አቀፍ ልውውጥ ከሚገኙት ይልቅ እጅግ የበዙ ጣቢያዎች ስለ ገቡበት ለእኛ ሥራ ይሻላል፤ ማግኘቱ ግን ደብዳቤና ትዕግሥት ይጠይቃል። ለጄልዱ ገበሬ ገብስ የሚዘራበትን ሳምንት እመክራለሁ የሚል ጥናት ያን ደብዳቤ ቢጽፍ አይበዛበትም።