የክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራና የደቡቡ ቆላ፦ ሒሳዊ ዳሰሳ

ወራሪ የፈንገስ ልክፈቶችን በደም ምርመራ ስለ መለየት በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛዎቹ የሚናገሩት የመቅኔ ንቅለ ተከላ ስለ ተደረገላቸው፣ በፀረ ካንሰር መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋሳቸው ስለ ተመናመነባቸውና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለ ተኙ ሰዎች ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በነገሌ ቦረና፣ ከእርሷም ወዲያ በፊልቱ፣ በዶሎ አዶና በሞያሌ ለፈንገስ የተጋለጠው በሽተኛ ሌላ ነው። በአመዛኙ ኤች አይ ቪ በደሙ መኖሩን ዘግይቶ ያወቀ፣ ወይም መድኃኒቱን ጀምሮ ያቋረጠ ጎልማሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት ያለቀበትን ድርቅ ያስታወሰ፣ ረሃብና ስደት መድኃኒት እንደሚያስቋርጡም የሚያውቅ ሐኪም የዚህን በሽተኛ መልክ ለመገመት አይቸገርም።

ለዚህ ሰው ከቀረቡት የደም ምርመራዎች መካከል ሁለቱ ብዙ አያነጋግሩም። ጋላክቶማናን የተባለው የአስፐርጂለስ ምርመራ የሚታመነው በዋነኛነት ነጭ የደም ሕዋስ በእጅጉ በቀነሰባቸው ሕሙማን ላይ ሲሆን የላቦራቶሪ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያም ይሻል። ቤታ ግሉካን የሚባለው ደግሞ የብዙ ፈንገሶችን ግድግዳ በጅምላ የሚጠቁም ነው፤ ሆኖም ክሪፕቶኮከስን አያሳይም፣ በቁስል ፋሻና በደም ማጣሪያ መሣሪያ ምክንያትም በሐሰት ሊገለጥ ይችላል። የካንዲዳ የደም ካልቸር እንኳ በሠለጠነው ዓለም ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉን ያመልጣቸዋል። እነዚህን ለቆላ ከተሞች መመኘት ክፋት ባይኖረውም ቅደም ተከተልን ማዛባት ነው።

የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ምርመራ ግን የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሥራ ላይ የዋለው በወረቀት ጭረት የሚሠራ ዘዴ ጥቂት የደም ውኃና 10 ደቂቃ ብቻ ይጠይቃል፤ ኤሌክትሪክ አይሻም፣ ትክክለኛነቱም ከመቶ ከ95 በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመጀመሪያው የአስፈላጊ ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ አካትቶታል። ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚሰጠው አንቲጅኑ ማጅራት ገትር ከመነሣቱ በፊት በደም ውስጥ መታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የኡጋንዳ ጥናት አንቲጅኑ ከታየበት ቀን እስከ ሕመሙ ምልክት ያለው መካከለኛ ጊዜ 22 ቀናት ሆኖ ተገኝቷል። የምርመራው ጥቅም በሙሉ ያለው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው። የደም ናሙና ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ፣ በሽተኛውም በወር ቀጠሮው እስኪመጣ ከተጠበቀ 22ቱ ቀናት አልፈዋል።

ምርመራው ሕይወት ያድናል ለሚለው አባባል ዋናው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 በላንሴት መጽሔት የታተመው የታንዛኒያና የዛምቢያ ጥናት ነው። ጥናቱ የሲዲ4 ቁጥራቸው ከ200 በታች የሆነ 1999 ሰዎችን አካትቶ፣ የአንድ ዓመቱን ሞት ከመቶ ከ18 ወደ 13 ዝቅ እንዳደረገ አስታውቋል። ውጤቱ አስደናቂ ነው። በየስብሰባው ሲጠቀስ ግን አንድ ነገር ይዘለላል። ሕሙማኑ የተሰጣቸው ምርመራው ብቻ አልነበረም፤ የሠለጠኑ የኅብረተሰብ ሠራተኞች በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መድኃኒት መዋጡን ይከታተሉና የሕመም ምልክት ይጠይቁ ነበር። ከተቀነሰው ሞት ምን ያህሉ የወረቀቷ ጭረት፣ ምን ያህሉ የጉብኝቱ ፍሬ እንደሆነ ጥናቱ ራሱ ሊለይ አይችልም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነበርና የፈተነው። አንቲጅኑ የተገኘባቸው ሰዎች ከተሳታፊዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸው ሲታሰብ ከጥቅሙ ከፍ ያለው ድርሻ የጉብኝቱ ሊሆን እንደሚችል መገመት ተገቢ ነው። መመሪያ አውጪዎች ከጥቅሉ ውስጥ በቀላሉ የሚገዛውንና በካርቶን የሚላከውን መርጠው ሌላውን በ«ክትትል ይደረግ» ሐረግ ማለፋቸው ሊተች ይገባዋል።

ይህ ትችት በቆላው ይበልጥ ይከብዳል። ጥናቱ የተካሄደው በዳሬሰላምና በሉሳካ ከተሞች ነው፤ ቤቱ ዛሬ የታወቀ ሰው በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ይገኛል። የቦረና አርብቶ አደር ኦላ ግን ጋናና ሀጋያ የተባሉትን ዝናሞች ተከትሎ ውሎ ያድራል፤ ወጣቶቹም ከመንደር ርቀው የፎራ ከብት ይዘው ይወጣሉ። ለሁለት ሳምንት በከፍተኛ መጠን፣ ለስምንት ሳምንት ደግሞ በተቀነሰ መጠን፣ ከዚያም በኋላ ለወራት ፍሉኮናዞል መዋጥ ያለበትን እረኛ ማን፣ በየትኛው የውኃ ጉድጓድ ዘንድ ይጎበኘዋል? በሌላ ወገን ጎብኚዎቹን የሚያሠማራው ገንዘብ አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል በአገራችን እንዲቋረጥ ተደርጓል። የሚቀረው በየቀበሌው ያለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው፤ ይህን ሥራ በግልጽ ለእርሱ የሚሰጥ መመሪያ እስኪጻፍ ድረስ ደግሞ የማንም ሥራ አይሆንም።

ሌላው እንቅፋት የሲዲ4 ደጃፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ምርመራው የሲዲ4 ቁጥራቸው ከ100 በታች ለሆኑ እንዲደረግ፣ ከ200 በታች ለሆኑትም እንዲታሰብበት ያዛል። ይሁንና ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ማንኛውም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ቁጥሩ ሳይታይ መድኃኒት እንዲጀምር ከወሰነ ወዲህ የሲዲ4 መሣሪያዎች ትኩረት አጥተዋል፤ ክትትሉም ወደ ቫይረስ መጠን ልኬት ተዛውሯል። ስለዚህ ለ10 ደቂቃው ምርመራ መብቃት የሚቻለው ዘመኑ ችላ ባለው ሌላ ምርመራ በኩል ሆነ። በሕመም ደረጃ ብቻ መምረጥ ለችግሩ መልስ አይሆንም፤ ቁጥራቸው እጅግ የወረደ ብዙ ሰዎች በእግራቸው የሚሄዱና ጤነኛ የሚመስሉ ናቸው። ሲዲ4 በማይገኝበት ከተማ አዲስ ለተመዘገበውና መድኃኒት አቋርጦ ለተመለሰው ጎልማሳ ሁሉ አንቲጅኑን መመርመር፣ ጥቂት ጭረቶችን ቢያባክንም፣ ከመጠበቅ ይሻላል። ያውም መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የኡጋንዳና የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንዳረጋገጠው በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር የታመሙ ሰዎች ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀምሩ በስድስት ወር ከመቶ 45ቱ ሲሞቱ፣ አምስት ሳምንት ከቆዩት የሞቱት ከመቶ 30 ነበሩ። «በተመረመረበት ዕለት ይጀምር» የሚለው መልካም መፈክር በዚህ በሽተኛ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

በነገራችን ላይ ጭረቶቹ «በክፍል ሙቀት» ይቀመጣሉ ሲባል የማን ክፍል እንደታሰበ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነገሌ ከባሕር ጠለል በላይ 1475 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ትችለው ይሆናል፤ ገናሌና ዳዋ በሚገናኙበት አካባቢ በምትገኘው በዶሎ አዶ፣ ወይም በመልካዲዳና በቆቤ የስደተኞች ጣቢያዎች የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ መጋዘን ግን ክፍል መባሉም ያጠራጥራል።

አንቲጅኑ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ከምርመራው ይልቅ ያስጨንቃል። ራስ ምታት ይኑረውም አይኑረው የጀርባ ፈሳሽ መወሰድ አለበት፤ በሽታው ወደ አንጎል ከዘለቀ ፍሉኮናዞል ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአምስት የአፍሪካ አገሮች ጥናት በሰውነት ክብደት በኪሎ 10 ሚሊ ግራም የሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ከፍሉሳይቶሲንና ከፍሉኮናዞል ጋር ሆኖ ከቀድሞው ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል፤ በ10 ሳምንት የሞቱት ከመቶ 24.8 ሲሆኑ በቀድሞው ሕክምና 28.7 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ተቀብሎታል። አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ መርፌ በየቀኑ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ለማይቻልበት ሆስፒታል ከወረቀቷ ጭረት የማይተናነስ ግኝት ነው።

እዚህ ላይ የአሠራራችን ግራ የሚያጋባ ገጽታ ይታያል። የገናሌ ተፋሰስ፣ የሶማሌ ክልል የሊበንና የአፍዴር ዞኖች፣ እንዲሁም የሞያሌ አካባቢ የካላዛር አገር ናቸው። ይኸው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ኤች አይ ቪና ካላዛር አብረው ለያዟቸው ሕሙማን በአገሪቱ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከፊሉም አምራቹ ለካላዛር ብቻ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚለግሰው ነው። ስለዚህ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ መድኃኒቱ እያለ፣ አንቲጅኑ የተገኘበት በሽተኛ በሌላ ፕሮግራም መዝገብ ስለተመዘገበ ብቻ የማይነካለት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። የሁለቱ ፕሮግራሞች ኃላፊዎች ስለ መበዳደርና ስለ መተካት አንድ ገጽ ስምምነት ቢጽፉ ይህ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ታፈሰ በየነ ቱፋና ዴቪድ ደኒንግ ያወጡት የኢትዮጵያ የፈንገስ በሽታዎች ግምት ለሥራው መነሻ የሚሆን የሚመሰገን ጥረት ነው፤ ሆኖም ስሌቱ በሌላ ቦታ የተገኘውን መጠን በሕዝብ ቁጥር በማባዛት የተሠራ ስለሆነ ለአርብቶ አደሩ ቆላ የተለየ ቁጥር አይሰጥም። ከነገሌ፣ ከያቤሎና ከሞያሌ አንቲጅኑ የተገኘባቸው ሰዎች ስንት እንደሆኑ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ፍሉኮናዞሉን እንደ ጨረሱና በስድስተኛው ወር ስንቱ በሕይወት እንደነበሩ በአንድ መዝገብ ቢያዝ፣ የሚቀጥለው ዓመት የጭረትና የመድኃኒት ግዢ በዚያ መዝገብ መሠረት ሊጠየቅ ይችላል።